የፌርማታው አግዳሚ ወንበር

አናጺው ወደ ከተማዋ የመጣው በሚስቱ ምክንያት ነው። ሚስቱ የሂሳብ አስተማሪ ናት። አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ሲቀጥራት ፊቷ ላይ ያየውን ደስታ እንቢ የሚልበት አንጀት አላገኘም። «እኔ እንደሆንኩ እንጨት ካለበት ሁሉ ሥራ አላጣም» አለና መጋዙን፣ መላጊያውንና መዶሻውን በጆንያ ጠቅልሎ፣ አማቱን የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ፣ እሱ ከዕቃው ጋር ከኋላ ተጭኖ መጣ።

እንጨት ነበር። ሥራ ግን አልነበረም። በከተማዋ ያሉት የቤት ዕቃ ቤቶች ከፋብሪካ ተቆራርጦ የመጣ ነገር በብሎን እያያያዙ ይሸጣሉ እንጂ አናጺ አይፈልጉም። አንዱ ባለሱቅ መጋዙን አይቶ «ይሄን ለጌጥ ልግዛህ?» ብሎት ነበር፤ ቀልዱን ነው፣ አናጺው ግን ያን ቀን እራቱን ሳይበላ ተኛ። እዚህም እዚያም የበር ማጠፊያ እየጠገነ፣ የተረፈውን ሰዓት ቤት ይውላል። ሚስቱ ጠዋት ትወጣለች። እሱና አማቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ደረጃው ላይ የሚያገኘውን ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ «እንደምን አደራችሁ» ይላል። አንዳንዱ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፣ አንዳንዱ ሰላምታ የሚያስከፍል ይመስል ፈጠን ብሎ ያልፋል። «ሁለት ዓመት እናያታለን፣ ካልሆነም ወደ አገራችን ነው» ይላል ለሚስቱ። የጆንያውን አፍ እንኳ በደንብ አልፈታውም ነበር።

ጆንያውን ያስፈታው የተጣለ ቁምሳጥን ነው።

በከተማዋ ሰው ያላማረውን ዕቃ ውጭ አውጥቶ ከአጥሩ ሥር ይጥላል፣ ቆሻሻ የሚያነሳው መኪናም ጨፍልቆ ይወስደዋል። አናጺው መጀመሪያ ያየ ቀን ቆሞ ቀረ። አንድ እግሩ የተነቀነቀ ወንበር፣ መሳቢያው የጎደለ ጠረጴዛ፣ ውስጡ ጥሩ ጣውላ የሆነ፣ ላዩ ብቻ በውሃ ያበጠ ቁምሳጥን። «ይሄ ምን አጠፋ?» አለ ጮክ ብሎ። ቁምሳጥኑን በጀርባው አዝሎ ሦስት ፎቅ ወጣ። በሌላ ቀን የአልጋ እግሮች አመጣ፣ ቀጥሎ የመደርደሪያ ሰሌዳ፣ ከዚያ ደግሞ ምንነቱ ያልታወቀ ግን እንጨቱ ያማረ ነገር። ብዙም ሳይቆይ በረንዳው መግቢያ አጣ።

«ሰውዬ፣ ልብስ የማሰጣው የት ነው? አናትህ ላይ?» አለች ሚስቱ እርጥብ አንሶላ እንደተሸከመች።

አማቱ ከሶፋው ሳትነሳ ጣልቃ ገባች። «ተይው ልጄ። የሌላው ባል ማታ ማታ ሴት ይዞ ይመጣል። ያንቺው ቁምሳጥን ይዞ መጣ። ዝም ብለሽ አመስግኚ።»

አንሶላው የዚያን ቀን ወንበር ላይ ደረቀ።

አማቱ በየሳምንቱ ወደ ክሊኒክ ትሄዳለች። ጉልበቷን ያማታል፤ መራመዱን ትችላለች፣ መቆም ነው የሚያቅታት። አውቶቡሱ ከሕንፃው ማዶ፣ ከአንዲት አነስተኛ ሱቅ አጠገብ ይቆማል። ፌርማታ ይባል እንጂ ያለው አንድ የብረት ምሰሶና ጫፉ ላይ የታጠፈ ቆርቆሮ ብቻ ነው። አንድ ቀን አናጺው አብሯት ሄደ። አውቶቡሱ ቀረ። አማቱ መጀመሪያ አንዱን እግሯን አሳረፈች፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ምሰሶውን ያዘች፣ በመጨረሻ ነጠላዋን ሰብስባ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። በዚያው ቅጽበት አንድ መኪና በኩሬው አልፎ ቀሚሷን በጭቃ ለወሰላት። ምንም አላለችም። አናጺውን ያመመው ይሄ ነው፤ በሁሉ ነገር ላይ ቃል የማታጣ ሴት ዝም አለች።

ያን ዕለት ከሰዓት ጆንያውን ፈታ።

የቁምሳጥኑን ጎን ለመቀመጫ፣ የአልጋውን እግር ለእግር አደረገው። ያበጠውን ላይኛ ልጦ ሲጥለው ከሥሩ ቀይ ዳማ እንጨት ወጣ። ላገ፣ ቆረጠ፣ በኮላ አጣበቀ፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ አሸው። በረንዳው፣ ሳሎኑና የሚስቱ የተማሪ ወረቀቶች በእንጨት ብናኝ ተሸፈኑ። ሚስቱ ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ሲያፏጭ ሰማችው። ከመጡ ጀምሮ አፏጭቶ አያውቅም። አፏን ዘጋች።

አግዳሚው ሲያልቅ ጠዋት በማለዳ ተሸክሞ ወስዶ ምሰሶው አጠገብ፣ ግድግዳውን ተደግፎ እንዲቆም አደረገው። የመረቀችው አማቱ ናት። ሄዳ መሃሉ ላይ ተደላድላ ተቀመጠችና «እንዲህ ነው እንጂ» አለች፤ ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ሽልማት ነው። ከዚያ በኋላ አናጺው ሻዩን ይዞ በረንዳ ላይ ይቆማል። ሰው ሲመጣ፣ ወንበሩን ሲያይ፣ ግራ ቀኝ ተመልክቶ ሲቀመጥ ያያል። አንዲት ነፍሰ ጡር ጫማዋን አውልቃ እግሯን አሳረፈች። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ቁጭ ብለው ወሬ ጀመሩ። ሰው በተቀመጠ ቁጥር አናጺው ደረቱ ውስጥ ሙቀት ይሰማዋል።

አንድ ጠዋት ሻዩን ይዞ ሲወጣ ወንበሩ የለም።

በሸሚዝ ብቻ ሮጦ ወረደ። ባለሱቋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ይህች ሴት በሰፈሩ «እትዬ ነገ» ነው የምትባለው፤ ስኳር ሲጠየቅ «ነገ ይገባል»፣ ሳሙና ሲጠየቅ «ነገ ነው» ስለምትል።

«ማዘጋጃ ቤት ነው የወሰደው» አለች። «በመኪና መጡ፣ ጫኑ፣ ሄዱ።»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቄ! ያልተፈቀደ ነው አሉ መሰለኝ።»

አናጺው እየተንጨረጨረ ወደ ቤት ተመለሰ። «ይኸው! ለዚህ ከተማ ደግ መሥራት ትርፉ ይሄ ነው። ሌባ አስመሰሉኝ እኮ!»

«ሄደህ ጠይቃቸው» አለች ሚስቱ ቦርሳዋን እያነሳች።

«ምን ብዬ? እኔ ለነሱ ማን ነኝ? የመጣሁት ትናንት። ይብላኝ ለነሱ፣ እኔስ ቤቴ እቀመጣለሁ።»

አማቱ ይህን ሁሉ ሰማችና ተነሥታ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባች። የልብስ ማጠቢያውን ባልዲ ይዛ ወጣች። ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደች፣ መንገዱን ተሻገረች፣ ባልዲውን ምሰሶው አጠገብ ደፍታ ላዩ ላይ ተቀመጠች። አናጺው ከኋላ ከኋላ እየተከተለ «እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው? ሰው ያያል እኮ!» ይላል።

«ይየኛ። ወንበሬ እስኪመለስ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። ሹፌሩ በሩን ከፍቶ ጠበቃት።

«ሂድ ልጄ፣ ሥራህን ሥራ» አለችው። «እኔ ዛሬ የምሄድበት የለኝም። የምሄድበት ያለው እሱ ነው» ብላ በአገጯ አማቿን አመለከተች። ተሳፋሪው በሙሉ በመስኮት አናጺውን አየ። አናጺው በዚያው አውቶቡስ ተሳፍሮ ማዘጋጃ ቤት ሄደ።

እዚያ ያገኛት ሠራተኛ ወጣት ናት፤ እስክሪብቶዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ በጠረጴዛዋ ላይ ዳቦ ትበላ ነበር። ነገሩን ስትሰማ ዳቦውን አስቀመጠች።

«አንተ ነህ የሠራኸው? ጎበዝ ነህ። ወንበሩ መጋዘን ነው፣ ማንም አልነካውም። ያነሳነው ግን ቅሬታ ቀርቦበት ነው።»

«ቅሬታ? በወንበር ላይ? ማነው እሱ?»

«ሰውየው ራሱ ቢነግርህ ይሻላል። ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈራችሁ ስብሰባ አለ። ና፣ ተናገር።»

«እህቴ፣ እኔ እኮ እንግዳ ነኝ። ማን ይሰማኛል?»

ወጣቷ ሳቀች። «እኔም የመጣሁት አምና ነው። ስብሰባው ላይ ስንት ዓመት ኖርክ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚጠፋው ሰው ነው፤ የአዳራሹ ወንበር ሁልጊዜ ባዶውን ነው የሚውለው።»

ቅዳሜ ደረሰ። አናጺው ንጹህ ሸሚዙን ለበሰ። ሌሊቱን ሲያብሰለስል አድሮ ንግግሩን በልቡ አዘጋጅቷል። አዳራሹ የትምህርት ቤት ነው፤ ጥቂት ሰዎች እርስ በርሳቸው ተራርቀው ተቀምጠዋል። ሚስቱና አማቱ ከኋላ ቦታ ያዙ። ተራው ሲደርስ ተነሣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ግን ያዘጋጀው ንግግር ጠፋና ንዴቱ ብቻ ወጣ።

«ገንዘባችሁን አልጠየቅኳችሁ። የጣላችሁትን እንጨት አንሥቼ፣ በጉልበቴ ሠርቼ አስቀመጥኩ። አሮጊት እንድትቀመጥበት! ለአሮጊት መቀመጫ የሚቀና ሰው አለ እንዴ? ካለ ይነሣና ፊቱን ያሳየኝ።»

ከአዳራሹ ጥግ አንድ ጎልማሳ ሰው ቀስ ብሎ ተነሣ። ኮቱ በደንብ የተተኮሰ ነው። በእጁ ነጭ በትር ይዟል።

«ፊቴ ይኸው ነው» አለ በረጋ ድምፅ። «ቅሬታውን ያቀረብኩት እኔ ነኝ።»

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«ሆስፒታሉ ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ነኝ። ጠዋት ጠዋት በዚያ በእግረኛ መንገድ ግድግዳውን ይዤ ነው የምሄደው። የት እንደሚጎረብጥ፣ የት ጉድጓድ እንዳለው አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ያልነበረ ነገር ነበር። በትሬ በወንበሩ ሥር አለፈ። ጉልበቴ ግን አላለፈም።» ሱሪውን ወደ ላይ ከፍ አደረገ፤ ጉልበቱ ላይ ፋሻ ነበር። «ወንበር አልጠላም፣ ወንድሜ። እኔም ይደክመኛል። ግን ስታስቀምጠው ማንንም አልጠየቅክም።»

አናጺው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው። ለካ ከሦስተኛ ፎቅ ሆኖ ሲያይ የነበረው የተቀመጡትን ብቻ ነው። የሚያልፉትን አንድም ቀን ልብ ብሎ አላየም።

«ጋሼ…» አለና ተንተባተበ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አላሰብኩትም። እግዜር ያውቃል፣ ክፉ አስቤ አይደለም።»

«ይቅርታህን ተቀብያለሁ» አለ ኦፕሬተሩ። «ጉልበቴ ግን ገና እያሰበበት ነው።»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። አናጺው ራሱ ሳይወድ በግዱ ሳቀ። አማቱ ከኋላ «በል ተቀመጥ አሁን፣ ተገትረህ አትቅር» ስትል አዳራሹ እንደገና ሳቀ። ስብሰባው ወንበሩ እንዲመለስ ወይም እንዲቀር አልወሰነም። ሁለቱ ሰዎች ቦታውን አብረው አይተው ሐሳብ ይዘው እንዲመጡ አለ።

እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት ተገናኙ። ኦፕሬተሩ መጥረጊያ ይዞ እንዲመጣ ነግሮት ነበር። ሲመጣ «የመጥረጊያውን እንጨት አውልቀህ እንደ በትር ያዝ፣ ዓይንህን ጨፍን፣ ከዚህ እስከ ሱቁ ሂድ» አለው። አናጺው ቀላል መስሎት ጨፈነ። ሁለት እርምጃ እንደሄደ ምሰሶውን በግንባሩ አገኘው። ትንሽ ቆይቶ በግራ በኩል የመንገዱ ጠርዝ ከዳው። በመጨረሻ እንጨቱ በአየር ላይ ሲወዛወዝ እሱ በሆዱ ከእትዬ ነገ ባዶ የለስላሳ ሣጥኖች ጋር ተጋጨ፣ ጠርሙሱ ሁሉ ተንጫጫ።

«ማነህ? ዓይን የለህም?» ብላ ጮኸች ከውስጥ።

«ለዛሬ የለኝም፣ እትዬ» አለ አናጺው ግንባሩን እያሻሸ።

ኦፕሬተሩ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ አብረው ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመው መከሩ። ግድግዳው ከሱቁ በር ጎን ወደ ውስጥ ገባ ይላል። ወንበሩ እዚያ ቢገባ መንገዱን አይነካም፣ ከምሰሶውም አይርቅም። ችግሩ፣ ያ ቦታ የእትዬ ነገ ሣጥኖችና ጆንያዎች ማደሪያ መሆኑ ነው።

«አይሆንም» አለች እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ። «ሰው ይቀመጣል፣ መግቢያዬን ይዘጋል። ጎረምሳ ይሰበሰባል፣ ያጨሳል፣ ልጣጩን ይጥላል። የሚጠርገው ማነው? እኔ!»

አናጺው ሊከራከር ነበር፣ ኦፕሬተሩ ክንዱን ነካ አደረገው። ጠይቃት፣ እንደማለት ነው።

«እሺ፣ እትዬ» አለ አናጺው ትንሽ አስቦ። «ሣጥኖቹ ውስጥ የማይገቡት ለምንድን ነው?»

«የት ላድርጋቸው? መደርደሪያው ሊወድቅብኝ ደርሶ!»

መደርደሪያውን አየው። እውነቷን ነው፣ መሃሉ ጎብጧል። በረንዳው ላይ ካለው የተጣለ እንጨት እስከ ጣሪያ የሚደርስ መደርደሪያ እንደሚሠራላትና የወንበሩን ሥር በየተራ እንደሚጠርጉ ነገራት። እትዬ ነገ ከላይ እስከ ታች ተመለከተችው።

«ነገ እነግርሃለሁ» አለች።

ሁለቱ ወንዶች ተስፋ ቆርጠው ሄዱ። አማቱ ግን አልቆረጠችም። ክሊኒክ በምትሄድበት ቀን ቀደም ብላ እየወረደች አንዱን ባዶ ሣጥን ገልብጣ በሱቁ በር ላይ ትቀመጣለች። ስለ ጉልበት ያወራሉ፤ እትዬ ነገም ለካ ጉልበቷን ያማታል። ስለ ልጆች፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሟች ባሎቻቸው ያወራሉ። ስለ ወንበሩ ግን አማቱ አንድም ቃል አላነሣችም። አውቶቡሱ መጥቶ ያለ እሷ የሄደበት ቀንም ነበር፣ ወሬው ስለጣማቸው።

አንድ ጠዋት አናጺው ዳቦ ሊገዛ ሲወርድ ጥጉ ባዶ ሆኖ አገኘው። ሣጥኖቹ የሉም፣ ወለሉ ተጠርጓል፣ ውሃ ተረጭቶበታል።

«ምን ትገተራለህ?» አለች እትዬ ነገ። «መደርደሪያዬን መቼ ነው የምታመጣው? ነገ እንዳትለኝ!»

በሚቀጥለው ስብሰባ አናጺውና ኦፕሬተሩ ጎን ለጎን ቆመው ሐሳባቸውን አቀረቡ፤ እትዬ ነገም ሱቋን ዘግታ መጥታ «ቦታው የኔ ነው፣ ፈቅጃለሁ» ብላ ተናገረች። የተቃወመ አልነበረም። ወጣቷ ሠራተኛ ወንበሩን ከመጋዘን አስመለሰችለት። አናጺው ግን እንደነበረ አላስቀመጠውም። የሾሉትን ማዕዘኖች ልጎ አዶለዶመ። በትር በሥሩ እንዳያልፍ ከፊት ለፊት በኩል፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ወርድ ያለው ሰሌዳ ገጠመበት። ኦፕሬተሩ ደጋግሞ በበትሩ መታው፤ «እዚህ ጋ ዝቅ»፣ «አሁን ሰማሁት»፣ «ይሄ ጥሩ ነው» እያለ። በመጨረሻ ተቀመጠበትና እግሩን ዘረጋ።

«እንዴት ነው፣ ጋሼ?»

«ትንሽ ይጠነክራል» አለ። «ሰው ብዙ እንዳይቀመጥበት ከሆነ ጥሩ ዘዴ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ነገሩ በዚህ አልቆመም። ከወዲያኛው መንገድ ያሉ ሰዎች መጥተው «ለእኛስ?» አሉ። አናጺው እጁን አንሥቶ እሺ ሊል ሲል ቆም አለና «መጀመሪያ ስብሰባችሁ ላይ ልምጣ፣ የሚያልፍበትን ሰው ልይ» አለ። ማዘጋጃ ቤቱ የመጋዘኑን አንድ ጥግ ለቀቀለት። ሰው ዕቃውን ከአጥር ሥር ከመጣል ይልቅ እዚያ ያመጣል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚችለው ይጠግናል፣ የማይችለው ያሻል፣ ይቀባል። ሚስቱ የተወሰኑ ተማሪዎቿን ከነወላጆቻቸው ታመጣለች፤ ማዕዘን መለካት በሰሌዳ ላይ ካስተማረችው በእንጨት ላይ ይሻላል ትላለች። ከዚያ የሚወጣ ሥራም አላጣም፤ የጠገነለትን ወንበር ያየ ሰው ጠረጴዛ ያዘዋል። ደረጃው ላይ አሁን ቀድመው ሰላም የሚሉት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ያውም አስቁመው፣ ስለሚወዛወዝ በራቸው ጭምር እያወሩ።

ኦፕሬተሩ ስብሰባ ሲኖር ስልክ ይደውላል። ድምፁ እንደ ሥራው ነው፣ ግልጽና እምቢ የማያሰኝ።

«ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ማቋረጫው መብራት ነው። ድምፅ እንዲኖረው እንጠይቃለን። ትመጣለህ።»

«ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ትንሽ ልረፍ…»

«ስብሰባው ላይ ታርፋለህ። ወንበር አለ።»

አናጺው ያጉረመርማል፣ ጫማውን ያደርጋል፣ ይሄዳል።

በአንድ ዝናባማ ጠዋት ጣውላ ሊያይ ወደ ሌላኛው የከተማዋ ጫፍ መሄድ ነበረበት። ፌርማታው ሞልቶ ነበር። የሱቁ ክዳን ከዝናብ የከለለው አግዳሚ ላይ አንዲት የማያውቃት ሴት፣ የጓሮ አትክልት የያዙ ሽማግሌና የትምህርት ቤት ልብስ የለበሱ ሁለት እህትማማቾች ተቀምጠዋል። አናጺው ማን እንደሆነ ማንም አላወቀም። ሴትዮዋ ቀና ብላ ፊቱን ሳታይ ቦርሳዋን ወደ ጭኗ ሳበችና «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ሰውየው ዝናብ እየመታው ነው» አለች። ሁሉም ተጠጋጉ። አናጺው አመስግኖ በተለቀቀችው ቦታ ላይ ቁጭ አለ፤ ሽማግሌው ስለ ዝናቡ አነሱለት፣ እሱም ስለ ዝናቡ እያወራ አውቶቡሱን ጠበቀ።